ድንጋዩን ያነሣው ኮማንደር

ኮማንደር ቢያዝንን በፊት በሌለበትም አንቱ እለው ነበር። አሁን ግን አንቱ የምለው ፊቱ ስቆም ብቻ ነው፤ እሱንም ፈርቼ።

እሱ የሐይቅ ዳሩ ጣቢያ አዛዥ ሆኖ ከመምጣቱ በፊት ጣና ዳር የታሰረ ጀልባ ሞተሩ ተነቅሎ ማደሩ የተለመደ ነበር። ባጃጅ ነጂው ስልኩን፣ ነጋዴው እንቅልፉን ያጣበት ጊዜ ነው። ሰው ከደጁ ታግቶ ይወሰድ ነበርና፣ ጮክ ብሎ የሚናገር አለቃ ሲመጣ ደስ ያላለው አልነበረም። በመጣ በሳምንቱ ገበያ መሀል ድምፅ ማጉያ ይዞ ቆመና «እኔ ባለሁበት ሌባ ቁርስ አይበላም» አለ። በቃ፣ ያቺ አነጋገር ከተማውን ዞረች። ባጃጆች የኋላ መስታወታቸው ላይ ለጠፏት፤ ግሽ አባይ ሰፈር ያለ አንድ ቁርስ ቤት በሩ ላይ «ለሌባ አንሸጥም» ብሎ ጻፈ። እኔ ዓሣ በምጠብስበት ዳስ እንኳ ደንበኞቼ ጠዋት ሲመጡ «እኛ ሌባ አይደለንም፣ ቁርስ ስጪን» እያሉ ይቀልዱ ነበር።

በየሳምንቱ በገጹ ቪዲዮ ይለቅቃል። የተያዙት ሰዎች ይደረደራሉ፣ የተሰረቀው ዕቃ ከፊታቸው ይቀመጣል፣ እሱ ጥቁር መነጽሩን አድርጎ ከዳር እስከ ዳር ይንጎራደዳል። «ቀና በል፤ እናትህ ትይህ» ይላል። ፍርድ ቤት ሳያያቸው እኛ እናያቸዋለን፣ እኛ እንፈርድባቸዋለን። ያን ጊዜ ይህ ነገር እምብዛም ሰው አልከነከነም። አባቴ ብቻ አንድ ቀን ስልኬን ከኋላዬ ሆነው አዩና «ሰውን እንዲህ አቁሞ ማሳየት ምን ይጠቅማል?» ብለው ወደ ሥራቸው ሄዱ።

አባቴ ሙኽታር ጀልባ ሠሪ ናቸው። በወጣትነታቸው የደንገል ታንኳ ያስሩ ነበር፤ ኋላ ወደ እንጨት ዞሩ። የሚታወቁት ግን በሽምግልናቸው ነው። ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ አንዱ መረቡን በሌላው መረብ ላይ ጥሎ ዓሣ አጥማጆች ሲካሰሱ፣ የሚጠሩት እሳቸውና መርጌታ መርስዔ ኀዘን ናቸው። መርጌታ ከደሴቶቹ በአንዱ ባለ ገዳም ዜማ ያስተምራሉ፤ የገዳሙን ጀልባ የሚያስተዳድሩትም እሳቸው ናቸው። የመርጌታ ጥምጥምና የአባቴ ኮፍያ አብረው ወደ አንድ ቤት ሲገቡ ከታዩ፣ ጎረቤቱ ገና ሳይቀመጡ «ታረቁ ማለት ነው» ይላል። አባቴ ዋሹ ተብለው አያውቁም። ልጃቸው ስለሆንሁ አይደለም ይህን የምለው፤ ሰፈሩ ሁሉ የሚለው ነው።

ታናሽ ወንድሜ ቡርሀን ደግሞ የጀልባ ሞተር ይጠግናል። አባቴ በሚሠሩበት ዳስ ጥግ አንዲት ጠረጴዛ አለችው። አንድ ጠዋት አንድ ሰው በባጃጅ ሞተር አምጥቶ «ነዳጅ አያሳልፍም፣ እይልኝ» ብሎት ሄደ። ቡርሀን ሰውየውን አያውቀውም። ሞተር ካየ የሰው ስም መጠየቅ የሚረሳ ልጅ ነው፤ በዚህ ነገር ስንት ጊዜ ተቆጥቼዋለሁ። ቀትር ሳይደርስ ፖሊስ መጣ። ሞተሩ የገዳሙ ኖሯል፤ እህልና ሻማ የሚመላለስበት ጀልባ ላይ ሰሞኑን የተገጠመ፣ ቡርሀን አይቶት የማያውቅ አዲስ ሞተር።

በማግስቱ ወንድሜ ገጹ ላይ ወጣ። «የገዳም ንብረት የደፈረ» አለው ኮማንደሩ። «ቀና በል» አለው፤ ቀና አለ። እጁ ላይ ያለው ግራሶ እንኳ አልታጠበም ነበር። ከሥር የተጻፈውን አልደግመውም፤ ስሙን አይተው ሃይማኖቱን የቆጠሩም ነበሩ። ጠዋት ጠዋት ዓሣ የሚበሉልኝ ሰዎች «ይገባዋል» ብለው ጽፈው አየሁ። ያን ቀን ዳሴን ሳልከፍት ዋልሁ።

መርጌታ በዚያው ቀን ከደሴቱ ተሻግረው ቤታችን መጡ። ይህ ልጅ የድሮውን ሞተራችንን ስንት ጊዜ በነጻ ሠርቶልናል፣ ሊሰርቀን ቢፈልግ ያኔ አይሰርቀንም ነበር ወይ አሉ። ከእኛ ቤት ወጥተውም በቀጥታ ወደ ጣቢያው ሄደው፣ እኛ ባለንብረቶቹ ከዚህ ልጅ ጋር ጠብ የለንም ብለው ተናገሩ። ክሱ የመንግሥት ነው፣ የእርስዎ ይቅርታ አያስቀረውም ብለው መለሷቸው። አባቴ ይህን ሲሰሙ ጥቂት አሰቡና ወደ ኮማንደሩ ሽማግሌ ሆነው እንደሚገቡ ተናገሩ። እንደ ወጉ ድንጋይ ተሸክመው ማለታቸው ነው።

«ቡርሀን አልሰረቀም አይደል?» አልኋቸው።

«አልሰረቀም።»

«ታዲያ አጥፍቷል ብለው ሊለምኑ ነው?»

«ምን ብዬ ልግባ ታዲያ? ሽማግሌ የእኔ ሰው አላጠፋም ብሎ ደጅ አይቆምም፤ ያ ሙግት ነው። የምትለምኚውን ሰው ተሳስተሃል ብለሽ እንዴት ትለምኚዋለሽ? ጥፋቱን በራሳችን አድርገን እንገባለን። እሱም ያውቀዋል፣ እኛም እናውቀዋለን።»

ነገሩ እንደዚህ መሆኑን እኔም አላጣሁትም። የእኛ አገር ሽምግልና ሲጀመር የተበደለውም ወገን «አጥፍተናል» ይላል። አንድ ጊዜ ውሻ የነከሰው ሰው ሽማግሌዎች ወደ ውሻው ባለቤት ገብተው «ልጃችን እግሩን ውሻዎ አፍ ውስጥ ከትቶ አጥፍቷል፣ ይማሩን» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቼ ስቄያለሁ። ግን ያ ጎረቤት ከጎረቤት ነው። ይህ ሰውዬ ካሜራ አለው አልኋቸው። አባቴ፣ አንበሳሜ ገጠር ያደገ ሰው ነው ይባላል፣ ካሜራ ቢኖረውም ወግ አያጣም አሉኝ። ከዚያ ወዲያ አልሰሙኝም።

እኔም ተከትያቸው ሄድሁ። አባቴ ከሐይቁ ዳር ያነሡትን ጥቁር ድንጋይ ማጅራታቸው ላይ አድርገው፣ መርጌታ መስቀላቸውን ይዘው፣ የጣቢያው ግቢ ውስጥ ቆሙ። ኮማንደሩ ወዲያው ወጣ። ከጎኑ አንድ ፖሊስ ስልኩን ደግኖ መጣ። እኔ ስልኩን አየሁት፤ አባቴ መሬት መሬት ያዩ ስለነበር አላዩትም።

«ልጄ አጥፍቷል» አሉ አባቴ ተንበርክከው። «አጥፍቶ ከእጅዎ ወድቋል። ለእኔ ሽበት ሲሉ ይማሩልኝ።» መርጌታም መስቀላቸውን ከፍ አድርገው «እኛ ባለንብረቶቹ ጠብ የለንም» አሉ።

ኮማንደሩ ሮጦ ጎንበስ አለና ድንጋዩን በሁለት እጁ አነሣው። አባቴን ደግፎ አስነሣቸው፣ ትከሻቸውን ሳማቸው። «አባቴ፣ እርስዎን የመሰለ ሰው ከፊቴ አይንበረከክም» አላቸው። እውነቱን ለመናገር እኔም ዓይኔ እንባ ሞላ። የተለመነ ሰው ድንጋዩን አነሣ ማለት ማረ ማለት ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም። አባቴ መንገዱን ሙሉ ፈገግ እያሉ ሄዱ። ቤት እንደደረስን ዶሮ አርደው እንድሠራ ሰጡኝ፣ ቡርሀን እስኪመጣ ብለው በረንዳው ላይ ተቀመጡ።

ቡርሀን አልመጣም። ዶሮው ምድጃው ላይ ሳለ ቪዲዮው መጣ። ከሥሩ የዋሽንት ዜማ አስገብተውበታል። የአባቴ አንገት ከድንጋዩ በታች ተቀልሶ ይታያል፣ «ልጄ አጥፍቷል» የሚለው ድምፃቸው ሁለት ጊዜ ይደገማል፤ መርጌታ ጠብ የለንም ያሉት ግን ተቆርጧል። ከዚያ ኮማንደሩ ወደ ካሜራው ዞሮ «አባት ሳይቀር መሰከረ። ሽማግሌ አከብራለሁ፣ ሌባ ግን አልለቅቅም» ይላል። አገር አለቀሰ። አንበሳ ነው አሉት፣ እንዲህ ያለ መሪ ይብዛልን አሉ። ጨካኝ የሚሉት ሰዎች እንኳ ድንጋዩን ሲያነሣ አይተው ወደዱት።

አባቴ ስልኩን ከእጄ ተቀብለው እስከ መጨረሻው አዩት። «ድንጋዩን አንሥቶ?» አሉ። እኔ ግን ብዙ አልሁ፤ ነግሬዎት ነበር አልሁ፣ ልጅዎን በአፍዎ አሰሩት አልሁ። እንዲህ ያለ ቃል ለአባት አይነገርም፤ ተናድጄ ነበርና ተናገርሁት።

በማግስቱ ለቡርሀን ምሳ ይዤለት ሄድሁ። በሽቦው በኩል ሲያየኝ ገና ሰላም ሳይለኝ «ፈረምሁ» አለኝ። ቪዲዮውን አሳይተውት ኖሯል። መትተውት እንደሆነ ጠየቅሁት፤ ማንም አልነካኝም አለ።

«ታዲያ ለምን ፈረምህ?»

«አባቴ አጥፍቷል ካሉ በኋላ እኔ አላጠፋሁም ብል ውሸታሙ ማን ሊሆን ነው?»

«የሽማግሌ ወግ መሆኑን ታውቃለህ አይደል!»

«እኔ አውቃለሁ፣ አንቺም ታውቂያለሽ። ቪዲዮውን ያየ ሰው ሁሉ ያውቃል እቴ?» አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እኔ ጠጋኝ ነኝ። ስሜ ቢጠፋም ሰው ሞተሩ ሲበላሽበት ተመልሶ ይመጣል። አባቴ ግን ከቃላቸው በቀር ምን አላቸው?»

ልመታው ፈለግሁ። ሽቦው ባይኖር እመታው ነበር። የሃያ አራት ዓመት ጎረምሳ የአባቱን ክብር ታስሮ ሊጠብቅ ተነሥቷል፤ አባትየው ደግሞ እቤት ተቀምጠው እህል አይቀምሱም። ሁለቱም ጨዋ ናቸው፤ ጨዋነታቸው እኔን ሊገድለኝ ነበር።

በዚህ መሀል መርጌታ እውነቱን ደረሱበት። ሞተሩን የነቀለው የገዳሙ ጀልባ ጥበቃ ራሱ ነበር። ሞተሩ አልነሣ ስላለው፣ ከመሸጡ በፊት እንዲሠራለት በሰው እጅ ለቡርሀን ላከው፤ ፖሊስ መምጣቱን ሲሰማም አገር ጥሎ ጠፋ። ይህን የተናገረችው ሚስቱ ናት፤ የገዳም ንብረት ነውና ነፍሷ አላስችላት ብሎ ለመርጌታ ነገረቻቸው። መርጌታ ራሳቸው ይዘዋት ወደ ጣቢያው ሄዱ፣ መርማሪው ቃሏን ተቀበለ። አበቃ፣ ነገ ይፈታል ብዬ ጠበቅሁ። ሳምንት አለፈ። ስለዚህ ኮማንደሩ ዘንድ ሄድሁ።

ሲቀበለኝ መነጽሩን አውልቆ ነበር። ያለ መነጽር ዓይኑ የደከመ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነው፤ ሌላ ሰው ቢሮ የገባሁ መሰለኝ። ሻይ አዘዘልኝ። የጥበቃውን ሚስት ቃል አይተውታል ወይ ብዬ ጠየቅሁት። አይቼዋለሁ አለኝ። እንግዲያው ወንድሜ ንጹሕ መሆኑን ያውቃሉ አልሁት።

«እህቴ፣ ወንድምሽ እኮ በእጁ ፈርሟል» አለ። «ከእኔ አልፎ ዐቃቤ ሕግ ጋ ደርሷል።»

«የፈረመው ቪዲዮው ስለወጣ ነው። እዚያው ገጽ ላይ ይውጡና ተሳስቼ ነበር ይበሉ። ያኔ እሱም እውነቱን ይናገራል።»

«ያቺን ቃል ያልሁ ቀን ሌባ ሁሉ ቁርሱን ተደላድሎ ይበላል።» የሚቀልድ አልመሰለኝም። «መንገድ ላይ ሴቶች እጄን የሚስሙት እኔን ወደው ይመስልሻል? የማይሳሳት ሰው አገኘን ብለው ነው። አንድ ጊዜ ተሳሳትሁ ካልሁ እስከ ዛሬ ያቆምኋቸውን ሁሉ እየቆጠሩ ይጠይቁኛል።»

«ይጠይቁዎት» አልሁት።

ሻዩን ሳልነካው ተነሣሁ። በሩ ጋ ስደርስ ጠራኝ። የአባቴን ድንጋይ ያነሣው ከልቡ እንደነበር፣ ለካሜራው ብሎ እንዳልሆነ፣ ኋላ ሲለጠፍ ግን ሰው እንዲያ ይወደዋል ብሎ እንዳላሰበ ነገረኝ። እኔም አመንሁት። ባላምነው ይሻለኝ ነበር፤ ከልቡ አንሥቶ እንዲህ ማድረጉ ይብስ አናደደኝ።

እቤት ገብቼ ለአባቴ ሁሉንም ነገርኋቸው፣ ቡርሀን ለምን እንደፈረመም ጭምር። እሱን እስከዚያች ቀን ደብቄያቸው ነበር። «እንግዲያው እኔ ነኝ መናገር ያለብኝ» አሉ። ፍርድ ቤት ቀርበው የሽማግሌ ወግ መሆኑን ያስረዱ፣ ዳኛም የአገር ሰው ነው፣ ይገባዋል አልኋቸው። አይሆንም አሉኝ። ወጉ ውሸት ነው ብዬ አደባባይ ከተናገርሁ፣ ከእንግዲህ ሽማግሌ ደጅ ቆሞ አጥፍተናል ሲል ማን ያምነዋል፣ ማንስ ይታረቃል አሉ። ወጉን ከሚከሱ ራሳቸውን ሊከሱ ቆረጡ።

በቀጠሮው ቀን አዳራሹ በሰው ተሞላ። ገሚሱ ቪዲዮውን አይቶ ድንጋይ የተሸከሙትን ሽማግሌ በዓይኑ ሊያይ የመጣ ነው። ኮማንደሩም መጥቶ ከኋላ ተቀምጧል፤ ሰዎች አብረውት ፎቶ ለመነሣት ይጋፋሉ። አባቴ ለመናገር ፈቃድ ጠየቁ። ዳኛዋ ትንሽ አመነታችና ፈቀደችላቸው። ኮፍያቸውን አውልቀው በእጃቸው ያዙ። አባቴን ሰው ፊት ኮፍያቸውን አውልቀው ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው።

«ያን ቀን የተናገርሁት ሐሰት ነው» አሉ። «ልጄ አልሰረቀም። አለመስረቁን እያወቅሁ አጥፍቷል አልሁ። ዋሽቻለሁ።»

አዳራሹ አጉረመረመ። ከኋላ አንዱ «ለልጅ ሲሆን ሽማግሌም ይዋሻል ለካ» አለና ሳቅ ሆነ። ዳኛዋ ጸጥታ አዘዘች። መርጌታ እጃቸውን አወጡ፤ ተራዎ ሲደርስ ተባሉ። አባቴ ሳቁን ሰሙት፤ አልዞሩም፣ እንደቆሙ ቀሩ። እኔ ያየሁት ግን ቡርሀንን ነበር። ከጠባቂዎቹ መሀል ቆሞ የሳቀውን ሰው ፊት እየፈለገ ነው። ከንፈሬን እያንቀሳቀስሁ፣ እባክህ፣ አላጠፋሁም በል፣ አልሁት። አየኝ። አላህ ይመስክር፣ አይቶኛል።

ክሱ ተነበበለት። ወንጀሉን ፈጽመሃል ወይስ አልፈጸምህም ተብሎ ተጠየቀ።

«አባቴ ዋሽተው አያውቁም» አለ።

ዳኛዋ፣ የተጠየቅኸው ስለ አባትህ አይደለም፣ ስለ ራስህ መልስ አለችው።

«ያን ቀን የተናገሩት እውነት ነው። ፈጽሜያለሁ።»

አባቴ «አንተ ልጅ» አሉ። ዳኛዋ ጥያቄውን ደግማ ጠየቀችው። ያንኑ መለሰ። መርጌታ ኋላ ተራቸው ደርሶ ስለ ጥበቃው የሚያውቁትን ሁሉ ተናገሩ፤ ጥበቃው ግን አልተያዘም፣ ሚስቱም ባሏን ፈርታ ፍርድ ቤት አልቀረበችም፣ ቡርሀንም በአፉ አምኗል። ባለንብረቱ ይቅር ስላለ ቅጣቱ ቀሎ ሁለት ዓመት ሆነ። ኮማንደሩን ስፈልገው ወጥቶ ሄዷል። ያን ቀን ገጹ ላይ ምንም አልለጠፈም፤ በሳምንቱ ሌሎች ሰዎችን ደርድሮ ቀና በሉ አለ።

አባቴ አሁንም ጀልባ ይሠራሉ። ለሽምግልና ግን የሚጠራቸው የለም። ገሚሱ ሰው በጣቢያው ግቢ ዋሽተዋል ይላል፣ ገሚሱ በፍርድ ቤቱ ዋሽተዋል ይላል፤ አንድ ቦታ እንደዋሹ ግን ሁሉም ተስማምቷል። ባለፈው ወር ሁለት ዓሣ አጥማጆች በመረብ ተጣልተው ጉዳያቸውን ኮማንደሩ ዘንድ ወሰዱት፤ እሱም በቪዲዮ አስታረቃቸው፣ ብዙ ሰው ወደደለት። መርጌታ ከደሴቱ በተሻገሩ ቁጥር ይመጣሉ። ሁለቱ ዳሱ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሐይቁን ያያሉ።

ማረሚያ ቤት የምሄደው እሑድ እሑድ ነው። ባለፈው እሑድ የተጠበሰ ቀረሶ ዓሣ ይዤለት ሄድሁ። ከስቷል፤ ጥርሱ ግን እንደ ድሮው ሳቅ አያጣም። ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ ያን ቀንም ያንኑ ጠየቀኝ።

«አባቴን ሰው ይጠራቸዋል?»

«ይጠራቸዋል እንጂ» አልሁት። «ትናንት እንኳ ከመርጌታ ጋር ባልና ሚስት ሊያስታርቁ ሄደው እስኪመሽ አልተመለሱም።»

«አላልሁሽም?» አለኝና ዓሣውን መብላት ጀመረ።